ዜና ጉርሻ፦ አባ መርምር ክፍሌ የትውከቱን ምንጭ ያደኑበት ዘመቻ

በዘመነ ማርቆስ፣ በወርኃ ጥር፣ አቶ ክፍሌ የመስተንግዶ ኮሚቴውን ወንበር በያዙ በሦስተኛው ዓመት፣ ዘመነ ማስታጠቢያ አልፎ ዘመነ ሳኒታይዘር በነገሠ በሁለተኛው ዓመት፣ በቶሮንቶ ከተማ፣ በኖርዝ ዮርክ አውራጃ፣ በመጋዘኖች መካከል በተተከለችው የአማርኛ ቤተ ክርስቲያን የሆነውን ነገር፣ ዓይን ያየውን፣ ጆሮ የሰማውን፣ ሆድም አብዝቶ የመሰከረውን፣ ሳንጨምርና ሳንቀንስ እንጽፋለን፤ ለሚመጣው ትውልድ ትምህርት እንዲሆን፣ ያለው ትውልድ እንደሆነ አልተማረምና።

እኒህ ክፍሌ ማን ናቸው ቢሉ፤ በሥራቸው ሪል እስቴት ኤጀንት፣ በማዕረጋቸው ሽማግሌ፣ በጠባያቸው ሊቀ መንበር፣ ፎቶግራፋቸው በአውቶቡስ መጠበቂያ ወንበር ጀርባ ላይ ተለጥፎ በረዶ ሲወርድበት የሚስቅ፣ ማይክራፎን ከእጃቸው የሚወሰደው በልመና ብቻ የሆነ፣ ጉባኤ ያሳጥሩ እንደሆነ እንጂ ንግግር አሳጥረው የማያውቁ ታላቅ ሰው ናቸው። ጥንት መኳንንቱ በፈረሳቸው ስም አባ እገሌ ይባሉ ነበር፤ እሳቸው ግን ፈረስ ስለሌላቸው፣ ኮሮላቸውም ስም ስላልወጣላት፣ የአስተናጋጆቹ አለቃ ዋለልኝ በዚህ ዘመቻ ላይ አባ መርምር ብሎ ሰየማቸው፤ እሳቸውም አይገባኝም አላሉም። ጥበባቸውን በተመለከተ፣ በአንዲት ቅዳሜ ስለ ምግብ አያያዝ ኮርስ ወስደው የፉድ ሃንድለር ወረቀት ተቀብለዋል፤ ከዚያች ቅዳሜ ወዲህ በፊታቸው ስለ ወጥ የሚናገር ሁሉ፣ ሠላሳ ዓመት ወጥ የሠራም ቢሆን፣ ተማሪያቸው ሆነ።

ከዚህ በፊት በነበረው ዘመን፣ በግብዣ ቀን ወጣቶች ጆግና ሳፋ ይዘው፣ ፎጣ በትከሻቸው ጥለው፣ በየጠረጴዛው እየዞሩ የሰውን እጅ በሳሙና ያስታጥቡ ነበር። አቶ ክፍሌ በነገሡ ጊዜ ይህን ሥርዓት አዩት፣ ናቁት፣ ሻሩትም፤ እንዲህ የሚል አዋጅም አስነገሩ፦ «ከዛሬ ጀምሮ ሳፋ ይዞ መዞር ቀርቷል። ይሄ ካናዳ ነው። ውሃው ምንጣፉን ያበላሻል፣ ፕሮግራሙን ያስረዝማል። በየጠረጴዛው ሳኒታይዘር አለ፤ አንዴ ጫን፣ ሁለቴ አሸት አሸት፣ ፊኒሽ።» ሕዝቡም አጨበጨበ። ሕዝብ ለማጨብጨብ ሰንፎ አያውቅም።

ወእምዝ፣ የቤተ ክርስቲያኒቱ የምሥረታ በዓል ከሚከበርበት እሑድ አስቀድሞ፣ ዓርብ ዕለት፣ በአቶ ክፍሌ ቤት ታላቅ ነገር ሆነ። የልጅ ልጃቸው ማያ በሳምንቱ መጀመሪያ ከሕፃናት መዋያዋ ከደይኬር ይዛው የመጣችው ማስመለስ፣ ከሕፃኒቱ ሲወጣ መግቢያ ሲፈልግ ቆይቶ፣ ለክብሩ የሚመጥን ሰው ባገኘ ጊዜ ገባ። አቶ ክፍሌ ዓርብን ከመታጠቢያ ቤት ሳይወጡ ዋሉ፤ በላይም በታችም ተወጉ፤ ቅዳሜንም በግማሽ ኃይላቸው ዋሉ። ሕመሙንም ራሳቸው መርምረው ራሳቸው ፈረዱ፤ ጨጓራ ነው አሉ። የሀበሻ ሆድ በሽታው አንድ ነውና፤ ቢነፋም ጨጓራ፣ ቢወጋም ጨጓራ፣ እንደ ጆንያ ተገልብጦ ቢራገፍም ጨጓራ ነው። ጨጓራ ደግሞ አይተላለፍም፤ ስለዚህ የሚተላለፍ ነገር የያዘው ሀበሻ በዓለም ላይ የለም።

ባለቤታቸው ወይዘሮ እየሩሳሌም፣ ልጂቱም ታማ ነበርና እሑድ ቤት እንዲውሉ፣ ቢመጡም ከሩቅ እንዲቀመጡ መከሯቸው። አቶ ክፍሌ ምክሩን ሰሙ፤ በልባቸው ግን አንድ ፍርሃት ገባ። ፍርሃቱ የሆድ አልነበረም። እሳቸው ባልተገኙበት ግብዣው ተጀምሮ፣ ተበልቶ፣ ተመርቆ፣ ሰው ሁሉ ደስ ብሎት ወደ ቤቱ ቢሄድ ምን ይሆናል የሚል ፍርሃት ነበር። ይህን ያህል የሚያስፈራ ነገር ደርሶባቸው ስለማያውቅ፣ እሑድ ጠዋት ሱፋቸውን ለብሰው፣ በባዶ ሆዳቸው ዝንጅብል ሻይ ጠጥተው ወጡ።

አሁን ደግሞ ስለ ወይዘሮ ውብአለም እንናገር፤ በዚህ ታሪክ የተበደሉት እሳቸው ናቸውና። ወይዘሮ ውብአለም በፍሌሚንግደን ፓርክ ሰፈር ፎቅ ላይ የሚኖሩ፣ ልጆቻቸውን ለብቻቸው ያሳደጉ፣ በብሉር ጎዳና ካለ ምግብ ቤት ማድ ቤቱን ጠዋት ጠዋት ተከራይተው ለሠርግ፣ ለልደት፣ ለለቅሶ የሚሠሩ ሴት ናቸው። ያጠራጠራቸውን ሥጋ ለድመትም አይሰጡም። ሲሠሩ አይቀምሱ፣ ስልክ አያነሡ፣ ሰውም ወደ ምድጃቸው አያስጠጉ፤ በዚህም ኩሩ ናት ተብለው ይታማሉ። ለአቶ ክፍሌ ሴት ልጅ ለፌበን ሠርግ፣ በየካቲት መጨረሻ፣ ምግቡን እንዲሠሩም ተነጋግረው ነበር። ሀብታቸው ስማቸው ነው፤ ሌላ የላቸውም።

ወበዕለተ እሑድ ምግቡ ቀረበ፤ ክትፎው በአይቡና በጎመኑ ታጅቦ፣ ዶሮው በድስቱ ሙሉ፣ ሽሮው፣ ምስሩ፣ አልጫው፣ ጥቅል ጎመኑ በየማዕረጉ ተሰለፈ። አቶ ክፍሌም ለራሳቸው አልበሉም፤ ሆዳቸው ፈርቶ ነበር። ይልቁንም የሊቀ መንበርነት ግዳጃቸውን ሊፈጽሙ ተነሡ፤ ሳኒታይዘሩን በመዳፋቸው ጢቅ አድርገው፣ እጃቸውን ለሕዝብ እያሳዩ አሻሹ፤ ከዚያም ጠቅልለው ማጉረስ ጀመሩ። መጀመሪያ መጋቢውን አጎረሱ፤ ቀጥሎ የመጋቢውን ባለቤት፤ ቀጥሎ ሽማግሌዎቹን በየዕድሜያቸው፤ ቀጥሎ መዘምራኑን በየድምፃቸው፤ ቀጥሎ ከኦርቶዶክስ ወገን በእንግድነት የመጡትን፣ ሥጋ ሳይነኩ ሽሮ ብቻ ያነሡትን አዛውንቱን አቶ ተክለ ማርያምን በሽሮ አጎረሱ። አንድ ያጣላል እያሉ ደገሙ፣ ጉርሻና ፍቅር ሲያስጨንቅ ነው እያሉ ጉርሻቸውን አተለቁ፤ ጣታቸው እስከ ጥርስ የደረሰባቸውም ነበሩ። አንድ ሰው ብቻ እምቢ አለ፤ እርሱም የበረዶ መጥረጊያ መኪና የሚነዳው ኃይለማርያም ነው። የሰው ጣት በአፉ ሲገባ ስለማይወድ ከንፈሩን ገጥሞ ፊቱን አዞረ፤ ክትፎውን ግን በራሱ እጅ፣ ሌላው ሰው እስኪያፍርለት ድረስ፣ ደጋግሞ አንሥቶ በላ። አቶ ክፍሌም ተቀይመው አለፉት።

ወእምድኅረ ዝንቱ፣ ከሰኞ ምሽት ጀምሮ ሕዝቡ መውደቅ ጀመረ። መጋቢው ወደቁ፤ ባለቤታቸው ሊያነሷቸው ሄደው አጠገባቸው ወደቁ። ከመዘምራኑ ሶፕራኖው በማለዳ፣ አልቶው በቁርስ ሰዓት፣ ቴነሩ በአውቶቡስ ውስጥ ወደቀ፤ ቤዙ ግን እስከ ቀትር ተዋግቶ ወደቀ። በፍሌሚንግደን ፓርክ፣ አንድ መታጠቢያ ቤት ባለው አፓርትመንት ቤተሰቡ በሙሉ በር ላይ ተሰለፈ፤ በሊፍቱ ውስጥ የሆነውን ግን ስለ ክብራቸው እንተወዋለን። በአረጋውያን መጦሪያ፣ በነርሲንግ ሆም የሚሠሩት እህቶችና ወንድሞች በአንድ ጠዋት ሁሉም ታመናል ብለው ሲክ ኮል ስላደረጉ፣ አለቆቻቸው ደንግጠው ለከተማው የጤና ክፍል አሳወቁ።

አቶ ክፍሌ ይህን በሰሙ ጊዜ፣ እውነት እንነጋገር ከተባለ፣ ደስ አላቸው። ሕዝቡ መሪ የሚሻበት ቀን መጥቷልና፤ ጨጓራቸውም እነሆ ድኗል። ወዲያው በቤተ ክርስቲያኒቱ የቴሌግራም ግሩፕ ይህን አዋጅ አስነገሩ፦ «ውድ ወገኖች፣ ኧርጀንት አፕዴት። ፉድ ፖይዝኒንግ ነው። ሰርቲፋይድ እንደመሆኔ መጠን ምርመራውን እኔ ራሴ ቴክ ኦቨር አድርጌዋለሁ። ሰስፔክት ያደረግሁት ክትፎውን ነው፤ ጥሬ ነገር ነው። ክትፎ በልታችሁ የታመማችሁ በሙሉ ሪፖርት አድርጉ። ክትፎ ያልበላችሁ ዝም በሉ፤ ዳታውን አታበላሹብን።»

ሠራዊታቸውንም አሰለፉ። በቀኝ ዋለልኝ ሳኒታይዘር ታጥቆ፣ በግራ የግሩፑ አስተዳዳሪ ዮሴፍ ስልኩን ለቪዲዮ ደግኖ፣ በመካከል እሳቸው ብርቱካን በፌስታል አንጠልጥለው፣ ኮሮላዋ ላይ ወጡ። ረቡዕ ከኖርዝ ዮርክ ተነሥተው የመጋቢው ቤት ሰፈሩ፤ ከዚያ ተነሥተው በዶን ሚልስ በኩል ፍሌሚንግደን ፓርክ ሰፈሩ፤ ሐሙስ ከአንዱ ፎቅ ወደ ሌላው ፎቅ ዘመቱ። የታመመ መጠየቅ ደግ ነገር ነው፤ እኛም አንነቅፈውም። ግን የእሳቸው አጠያየቅ እንዲህ ነበር፤ በሽተኛውን ከአልጋው አስነሥተው ሳሎን ያስቀምጡታል፣ እጁን በሁለት እጃቸው ይዘው ስለ ክትፎው ይጠይቁታል፣ ጉንጩን ግራና ቀኝ ይስሙታል፣ ያመጡትን ብርቱካን ራሳቸው ልጠው በእጃቸው ያጎርሱታል፣ ለደህናዎቹ ልጆችም ያካፍላሉ፤ ከዚያ ሳኒታይዘር ጢቅ አስደርገው ወደሚቀጥለው ቤት ይሄዳሉ። በማግስቱም በዚያ ቤት ደህና የነበሩት ልጆች ይወድቃሉ። ጠላት እሳቸው በሄዱበት ሁሉ አንድ ቀን ዘግይቶ ደረሰ፤ እሳቸውም ይህን አስተውለው፣ ይከተለኛል፣ ፈርቶኛል ማለት ነው ብለው ለዮሴፍ ቪዲዮ ተናገሩ። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች የተባለው ለዚህ ነው።

ከአቶ ተክለ ማርያም ቤት በደረሱ ጊዜ ምርመራው ተሰናከለ። አዛውንቱ ክትፎ በዓይናቸው እንጂ በአፋቸው አልቀመሱም፤ ነገር ግን ክፉኛ ታመዋል። አቶ ክፍሌ ጥቂት አስበው፣ ሽሮው ክትፎው አጠገብ ተቀምጦ ነበር የሚል ፍርድ ሰጡ። ኃይለማርያም ደግሞ፣ ክትፎውን ከሁሉ አብልጦ የበላው፣ በረዶውን እየጠረገ፣ እያፏጨ፣ በሙሉ ጤና ተገኘ፤ ለዚህም ሆዱ የመኪናው ሞተር ነው የሚል ፍርድ ተሰጠ። ሞኝ ሰው እውነት ሁለት ጊዜ በሩን ብታንኳኳ ሁለት ጊዜ የለሁም ይላል፤ ሊቀ መንበር ግን በሩን ከፍቶ እሷኑ ይቀጣታል።

በቀጣዩም እሑድ አዳራሹ በግማሽ ባዶ ሆኖ ሳለ፣ አቶ ክፍሌ መድረክ ላይ ወጥተው፣ ማይክራፎኑን በቀኝ እጃቸው ይዘው፣ በቀጥታ ስርጭት ቤት ለተኙትም ጭምር ይህን አወጁ፦ «ምርመራው ተጠናቋል። ምንጩ የወይዘሮ ውብአለም ክትፎ ነው። ክፋት አለባት አላልንም፤ ግን ስታንዳርድ የላትም። ከዛሬ ጀምሮ ለቤተ ክርስቲያናችን አትሠራም። እኔም ለአርአያነት የልጄን ሠርግ ትእዛዝ ካንስል አድርጌባታለሁ።» ወይዘሮ ውብአለም በዚያ ሰዓት በአዳራሹ ውስጥ፣ በኋላ ረድፍ ተቀምጠው ነበር። አንድም ሰው ወደ እሳቸው አልዞረም፤ መዞር ያሳፍራልና። እኛ ግን እንላለን፤ ሲጎርሱ ያላፈሩ ሰዎች ምን ያሳፍራቸዋል?

ወሬውም በያንግ መስመር የምድር ባቡር ወርዶ ብሉር ደረሰ። የማድ ቤቱ ባለቤት ነገሩ እስኪጣራ እንዳይመጡ ለወይዘሮ ውብአለም ነገራቸው፤ ለልደት ያዘዙ ተዉ፣ ለተዝካር ያዘዙ ተዉ፣ ለዓመታት እጅሽ ይባረክ ሲሏቸው የነበሩት ስልክ ማንሣት ተዉ። ሴትዮዋ በፍሌሚንግደን ፓርክ ቤታቸው፣ ድስቶቻቸውን ደፍተው ተቀመጡ። በዚህ ከተማ ላይ አንዲት ምግብ ሠሪ ሰው አሳመመች ከተባለች፣ አልቆላታል። ይህን አቶ ክፍሌ ያውቁ ነበር፤ ማወቃቸው ግን እንቅልፍ አልነሳቸውም።

ወበውእቱ መዋዕል ሆሣዕና የምትባል፣ በዚሁ ቤተ ክርስቲያን ሰንበት ትምህርት ያደገች፣ አሁን በከተማው የጤና ክፍል ወረርሽኝ የምትከታተል ነርስ፣ ጉዳዩን ተረከበች። እንደ አቶ ክፍሌ የታመመውን ብቻ አልጠየቀችም፤ ደህናውንም ጠየቀች። ክትፎ የበላውንም ያልበላውንም፣ ማን እንዳጎረሰው፣ መቼ እንደጀመረው፣ ከዚያ በፊት በቤቱ ማን ታሞ እንደነበር፣ ለሁሉም ኮል እያደረገች ጠየቀች። የሰገራ ናሙና መውሰጃ ዕቃም ላከች፤ መጋቢው በትሕትና ሰጡ፣ መዘምራኑ በየድምፃቸው ሰጡ፣ አቶ ተክለ ማርያምም እያጉረመረሙ ሰጡ። አቶ ክፍሌ ግን ዕቃውን እንደ ስድብ ቆጥረው መለሱት፤ የእሳቸው ጨጓራ ነዋ። ሆሣዕና ቤታቸው በደወለች ጊዜ ስልኩን ያነሡት ወይዘሮ እየሩሳሌም ነበሩ፤ ዋሽተው የማያውቁ ሴት ናቸውና፣ ማያን ከደይኬሯ፣ ዓርብን ከነቅዳሜው ነገሯት።

ከዚያም ሆሣዕና በግሩፑ ላይ በድምፅ ይህን አዋጅ ለቀቀች፦ «ሃይ ጋይስ፣ ሆሣዕና ነኝ። ሪዘልቱ መጥቷል፤ ኖሮቫይረስ ነው። ከክትፎው አይደለም፣ ኦኬ? ክትፎ የበሉትም ያልበሉትም እኩል ነው የታመሙት። ያልታመሙት ሰው ያላጎረሳቸው ናቸው። ይሄ ነገር ከታመመ ሰው እጅ ወደ አፍ ነው የሚሄደው። ሳኒታይዘር ብዙም አይገድለውም፤ ሳሙናና ውሃ ነው፣ ዕቃና ወለሉን ደግሞ በበረኪና። ካስመለሳችሁና ካስቀመጣችሁ፣ ካቆመ በኋላም ሁለት ቀን ቤት ሁኑ፤ ምግብ አትንኩ፣ ሰው አትጠይቁ፣ ፕሊስ። ስም አልጠራም፣ አይፈቀድልኝም። ግን ከግብዣው በፊት ታሞ መጥቶ ሰው ያጎረሰ ሰው አለ። ራሱን ያውቃል። ወይዘሮ ውብአለም ጋ ምንም ፕሮብሌም የለም።»

አቶ ክፍሌ ይህን በመኪናቸው ውስጥ፣ ከአንድ ደንበኛ ቤት ደጃፍ ቆመው ሰሙት። ዓርብን አስታወሱ፤ የመታጠቢያ ቤቱን ንጣፍ ቅዝቃዜ በጉልበታቸው ላይ አስታወሱት፤ ከዚያም የመጋቢውን አፍ፣ የአዛውንቱን ጢም፣ ያን ሁሉ የተከፈተ አፍ አስታወሱ። ለጥቂት ደቂቃ ያህል ሰው ሆነው ተቀመጡ። ከዚያ ግን ሊቀ መንበርነታቸው ተመለሰባቸውና ስልካቸውን አንሥተው ይህን አወጁ፦ «ሆሣዕናን እናመሰግናለን። እኔም ከመጀመሪያው እንዲህ ነው ብዬ ጠርጥሬ ነበር። አሁን ምርመራው ወደ ፌዝ ቱ ይሸጋገራል። ታሞ የመጣው ግለሰብ ማን እንደሆነ ኮሚቴው ይደርስበታል።»

ደረሰበትም። በማግስቱ ጥርጣሬው በኃይለማርያም ላይ ወደቀ፤ አለመታመሙ አያጠራጥርም ወይ? ደግሞም ጉርሻ እምቢ ያለው አስቀድሞ ነገሩን ስለሚያውቅ አይደለም ወይ? ዋለልኝና ዮሴፍም ይህን ይዘው ሊነሡ ተዘጋጅተው ነበር። ማን አጎረሰን ብሎ ጮክ ብሎ የሚጠይቅ ግን አልነበረም፤ ሁሉም ያጎረሳቸውን ሰው ያውቁታልና። ፈሪ ሕዝብ መልሱን ሲያውቅ ጥያቄውን ይረሳል።

ይህን ዝምታ የሰበረችው ፌበን ናት፤ ሙሽራይቱ። እናቷ ሁሉን ነግረዋት ነበር። ግሩፑ ላይ አልጻፈችም፤ በቤተሰቡ የስልክ ግሩፕ ላይ፣ አጎቶችና አክስቶች ሁሉ በሚያነቡት፣ ይህን አወጀች፦ «ዳዲ፣ አይ ላቭ ዩ። ግን ወይዘሮ ውብአለም ካልሠሩ የሠርጉ ምሳ የለም። ሲሪየስ ነኝ። ሰው በውሸት ወንጅለን ክትፎ አንበላም።» የአቶ ክፍሌ ዙፋን በዚህ ጊዜ ተነቃነቀ፤ በሕዝብ ፊት የማይፈሩት ሰውዬ በአጎቶች ፊት ይፈራሉ።

ስለዚህ በየካቲት መባቻ ሽማግሌዎች ወደ ፍሌሚንግደን ፓርክ ተላኩ። መጋቢው የሕመሙ ድካም ገና ሳይለቃቸው ፊት ፊት፣ አቶ ተክለ ማርያም በምርኩዛቸው፣ አቶ ክፍሌ ከኋላ በአውቶቡስ ሄዱ፤ ኮሮላዋን ስለምን እንደተዉአት አልተናገሩም። ወይዘሮ ውብአለም በሩን ከፈቱላቸው፤ ሽማግሌ ከበር ላይ አይመለስምና። ውሃና ሳሙና ያለበትን ቦታ አሳይተው አስቀመጧቸው። ሽማግሌዎቹ ተነሥተው ስለ ፍቅር፣ ስለ ይቅርታ፣ ስለ አንድነት ዙሪያ ጥምጥም ሄዱ፤ ሠርጉንም በመጨረሻ፣ እግረ መንገዳቸውን የመጣ አስመስለው አነሡት። ወይዘሮ ውብአለም እስከ መጨረሻው ሰምተው ይህን ብቻ አወጁ፦ «ሠርጉን እሠራለሁ። ልጅቷ ምንም አላደረገችኝም። ግን የተወነጀልኩት በማይክ ነው፤ በጓዳ ይቅርታ አልቀበልም። ማይክ ላይ ይነገር።»

ወበዕለተ እሑድ አዳራሹ ሞላ። አቶ ክፍሌ ረዥም ንግግር ጽፈው ነበር፤ ምናልባት፣ በአንዳንድ ሁኔታ፣ ባለማወቅ፣ ከሁላችንም በኩል የሚሉ ቃላት የሞሉበት። መድረኩ ላይ ወጥተው ወረቀቱን ዘረጉ፤ ቀና ሲሉ ወይዘሮ ውብአለምን አዩአቸው፣ ኮታቸውን ሳያወልቁ በኋላ ረድፍ ተቀምጠው። ምን እንደነካቸው እኛም እርግጠኛ አይደለንም፤ ወረቀቱን ተዉትና እንዲህ አሉ፦ «ዓርብ ዕለት ታምሜ ነበር። ጨጓራ ነው ብዬ መጣሁ፣ አጎረስኳችሁ። ምንጩ እኔ ነኝ።»

በዘመነ መንግሥታቸው ሁሉ ይህን የሚያህል አጭር አዋጅ አስነግረው አያውቁም፤ ይህን የሚያህል እውነተኛም። እኛም ለጥቂት ጊዜ ወደድናቸው። እዚህ ላይ ዝም ቢሉ ኖሮ፣ ይህን ታሪክ በሌላ ቀለም በጻፍነው ነበር።

ግን ሕዝቡ አጨበጨበ። ቆሞ አጨበጨበ፤ ሃሌ ሉያ አለ፤ እንዲህ ያለ ትሕትና አላየንም ተባባለ። አቶ ክፍሌም ጭብጨባውን ሰሙት፣ ጣፈጣቸውም። ማይክራፎኑን ጠበቅ አድርገው ይዘው ራስን ዝቅ ማድረግ ስለሚጠይቀው ዋጋ፣ ታላላቅ ሰዎች ሁሉ ስለመሳሳታቸው፣ እውነትን ለመናገር ስለሚያስፈልገው ጀግንነት፣ መዘምራኑ ከኋላ ቀስ ብለው ዜማ እስኪያነሡላቸው ድረስ ተናገሩ። ከዚያም ሰው ሁሉ ሊያቅፋቸው ተሰለፈ። መጋቢው አቀፏቸው፣ ሽማግሌዎቹ በየዕድሜያቸው፣ መዘምራኑ በየድምፃቸው አቀፏቸው፤ ዋለልኝ አለቀሰ፤ ዮሴፍ ቀረጸ። በዚያ ንግግር ሁሉ ውስጥ ግን የወይዘሮ ውብአለም ስም አንድ ጊዜ እንኳ አልተነሣም፤ ማንም ይህን አላስተዋለም፣ ከሙሽራይቱና ከስሙ ባለቤት በቀር።

ወይዘሮ ውብአለም ተነሡና በመካከለኛው መተላለፊያ ወደ ፊት መጡ። ሕዝቡ ሊያቅፏቸው ነው ብሎ በደስታ መንገድ ለቀቀላቸው፤ አቶ ክፍሌም እጆቻቸውን ዘረጉ። እሳቸው ግን ከተዘረጋው እጅ ማይክራፎኑን ወሰዱ፤ ይህም በኮሚቴው ታሪክ ያለ ልመና የተወሰደበት የመጀመሪያው ቀን ነው። እንዲህም ብለው አወጁ፦ «ምግቤ ንጹሕ ነበር። ይህን መናገር የነበረብኝ እኔ አልነበርኩም።» ማይኩን በመቆሚያው ላይ መልሰው አስቀመጡት። የሚይዙት አውቶቡስ እንዳያመልጣቸው ፈጠን ብለው ወጡ። ከኋላቸው ሴትዮዋ እኮ ዱሮም ኩሩ ናት የሚል ሹክሹክታ ተሰማ፣ ማቀፉም ቀጠለ።

ሠርጉን እንደ ቃላቸው ሠሩ። ክትፎው አልቆ ሰው ሳህኑን ጠረገ።

እንግዲህ አመስግኑ! ሳፋውን የሻሩ፣ ጠላትን በገዛ እጃቸው በየቤቱ ያደረሱ፣ ያደረሱትንም ያደኑ፣ አድነውም ራሳቸውን የማረኩ፣ ተማርከውም የተሾሙ አባ መርምር ክፍሌ ክብር ይገባቸዋል! በመጋቢት በተደረገው ምርጫ ያለ ተቃውሞ ለሌላ ዘመን ሊቀ መንበር ሆነዋልና፣ ትሕትናቸውም በወጣቶች ፕሮግራም ላይ እንደ ምሳሌ ይጠቀሳልና፣ ስማቸው ከኖርዝ ዮርክ እስከ ብሉር ይጠራ፣ ዝናቸው ይስፋ፣ ዘመናቸው ይርዘም! የወይዘሮ ውብአለምም ስም ይጠራል፣ አልቀረም፤ ይቅርታ ለማለት የደወለላቸው ግን እስከ ዛሬ የለም፣ የሚደውለው ሁሉ የራበው ነው።